የዜግነት ፈተናውን አንድም ሳልስት አልፌ የኮሌጁ የመንግሥት ትምህርት ለምን ጣለኝ?

ጥያቄ፦

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ሌሊት በአረጋውያን መንከባከቢያ በረዳት ነርስነት እየሠራሁ፣ ቀን ቀን በኮሚኒቲ ኮሌጅ ለነርሲንግ መግቢያ የሚያስፈልጉኝን ትምህርቶች እወስዳለሁ። ከማኅበራዊ ሳይንስ አንድ ኮርስ መውሰድ ግዴታ ነው ስለተባልኩ የአሜሪካ መንግሥትና ፖለቲካ መግቢያን መረጥኩ፤ ዐምና የዜግነት ፈተናውን አንድም ጥያቄ ሳልስት ስላለፍኩ አይከብደኝም ብዬ ነበር። በመጀመሪያው ፈተና ከ100 ያገኘሁት 58 ነው። «ኮንግረስ ሕግ ለማውጣት ለምን ይቸገራል?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ረቂቅ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች ሁሉ ከነቅደም ተከተላቸው ጽፌ ነበር። መምህሩ ግን ከግርጌው «ገልጸሻል እንጂ አልተከራከርሽም» ብለው መለሱልኝ። እኔ የተመዘገብኩት ለመማር ነው፣ ለክርክር አይደለም። ተማሪዎቹ ስለ ፓርቲ ሲነታረኩም አንገቴን ደፍቼ ነው የምቀመጠው። አሥረኛ ክፍል የደረሰው ልጄ ላግዝሽ ይለኛል፤ አፍራለሁ። ልተወው ወይስ ልግፋበት?

መልስ፦

ውድ እኅታችን፣

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምርና፣ ኮርሱን ለጊዜው አይተዉት። መምህሩ በመጀመሪያው ቀን የሰጡትን ሲላበስ (የኮርሱን ዝርዝር ዕቅድ) አውጥተው ይህ ፈተና ከጠቅላላው ውጤት ስንት በመቶ እንደሚይዝ ይመልከቱ፤ ቀሪዎቹ ፈተናዎችና የጽሑፍ ሥራዎች ትልቁን ድርሻ ከያዙ 58 ሊካካስ የሚችል ቁጥር ነው። የአንድን ረቂቅ ሕግ ጉዞ ከኮሚቴ እስከ ፕሬዚዳንቱ ፊርማ በቃልዎ የጻፉ ሰው አላጠኑም፣ ቋንቋውም አልገባዎትም ሊባሉ አይችሉም። የሳቱት የጥያቄውን ዓይነት ነው፤ ይህ ደግሞ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚታረም ስሕተት ነው።

የዜግነት ፈተናው የሚጠይቀው የሥልጣንን ስምና ቁጥር ነው። ሴናተሮቹ 100፣ በተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ የሚሰጡት አባላት 435፣ የሕገ መንግሥቱ ማሻሻያዎች 27 መሆናቸውን ካወቁ ያልፋሉ። ኮሌጁ ይህን ሁሉ እንደሚያውቁ ቆጥሮ ነው ትምህርቱን የሚጀምረው። 39.5 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት ካሊፎርኒያና 577,000 ገደማ ብቻ ያላት ዋዮሚንግ ለምን እኩል ሁለት ሁለት ሴናተር እንደሚልኩ፣ ይህን ስምምነት በ1787 ፊላደልፊያ ላይ የትኞቹ ስቴቶች እንደፈለጉት፣ ዛሬስ ማን እንደሚጠቀምበትና ማን እንደሚጎዳበት ይጠይቃል። (በዚህ መልስ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ ሲሆን እገልጻለሁ።)

«መከራከር» የሚለው ቃል ያስደነገጠዎት በእኛ ጆሮ ጠብ ጠብ ስለሚል ይመስለኛል። መምህሩ የፈለጉት ክርክር ግን በአገራችን የቆየ ሥርዓት ካለው የችሎት ሙግት ጋር ነው የሚመሳሰለው። «ተጠየቅ» ብሎ የሚነሣው ተሟጋች የነገሩን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተርኮ ብቻ አይቀመጥም፤ የሚያስረዳውን ነጥብ ይለያል፣ ምስክሩን ይጠራል፣ ባላጋራው የሚያነሣውንም አስቀድሞ ይመልሳል። በፈተና ወረቀትዎ ላይም የሚጠበቀው ይኸው ነው፤ ጩኸት የለበትም።

ሁለተኛው እንቅፋት የተሸሸገው በራሱ በቋንቋችን ውስጥ ነው። በአማርኛ «መንግሥት» ስንል ንግሥናውም፣ አገዛዙም፣ መሥሪያ ቤቱም፣ አንዳንዴ አገሩ ራሱም በአንድ ቃል ይጠቃለላሉ። «መንግሥት ከለከለ» ብለን ነገሩን እንዘጋለን፣ የሰማውም አይጠይቀንም። በዚህ ኮርስ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ነጥብ ያስቀንሳል። የትኛው መንግሥት ነው? የፌዴራሉ ነው፣ የሜሪላንድ ነው፣ ወይስ የካውንቲው? የፌዴራሉ ከሆነስ ኮንግረሱ ነው፣ ፕሬዚዳንቱ ወይስ ፍርድ ቤቱ? መጽሐፍዎን ሲያነቡ «መንግሥት» ብለው ማስታወሻ በያዙበት ቦታ ሁሉ ያንን ቃል ሰርዘው የሠሪውን ትክክለኛ ስም እንዲጽፉ እመክርዎታለሁ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግማሹን ትምህርት የሚያስይዝዎ ግን እሱ ነው።

ቀሪውን ግማሽ የሚያስይዝዎ አንድ ጥያቄ ነው፦ ማን ማንን ሊከለክል ይችላል? በየምዕራፉ ይህን ይጠይቁ። ከሕገ መንግሥቱ ዋና አርቃቂዎች አንዱ የነበረው ጄምስ ማዲሰን ሕገ መንግሥቱ እንዲጸድቅ ሲሟገት በ1788 በጻፈውና ፌዴራሊስት ቁጥር 51 ተብሎ በሚታወቀው ጽሑፍ ያስቀመጠው ሐሳብ በአጭሩ ሲነገር፣ ሰዎች መላእክት ስላልሆኑ የአንዱ የሥልጣን ምኞት የሌላውን የሥልጣን ምኞት እንዲገታው ተደርጎ መዋቀር አለበት የሚል ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባለ በሚያድግበት አገር ይህ ሐሳብ ወዲያው ላይዋጥ ይችላል። በ1952 በኮሪያ ጦርነት መካከል፣ የእኛው ቃኘው ሻለቃም በዚያ በሚዋጋበት ጊዜ፣ ፕሬዚዳንት ትሩማን የሥራ ማቆም አድማ የብረት ምርቱን እንዳያስተጓጉል ፋብሪካዎቹን መንግሥት እንዲይዛቸው አዘዙ። ባለ ፋብሪካዎቹ ከሰሱ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ኮንግረስ ያልሰጣቸውን ሥልጣን ሊጠቀሙ አይችሉም ብሎ 6 ለ 3 ወሰነባቸው፣ ፕሬዚዳንቱም ፋብሪካዎቹን መለሱ። በ1974 ደግሞ ይኸው ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ኒክሰን በቢሯቸው የተቀዱትን ካሴቶች እንዲያስረክቡ 8 ለ 0 አዘዘ፤ ከ16 ቀን በኋላ ሥልጣን ለቀቁ። ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ምሳሌያዊ አነጋገሩ በአሜሪካ ተሽሯል ባልን ነበር። ነገር ግን በ2024 ፍርድ ቤቱ የቀድሞ ፕሬዚዳንት በሥልጣን ላይ ሳሉ በፈጸሙት ይፋዊ ተግባር ምክንያት ከወንጀል ክስ ሰፊ ከለላ እንዳላቸው 6 ለ 3 ወስኗል። በእኔ ግምት አንድ ተማሪ እነዚህን ሦስት ውሳኔዎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ «ንጉሥ ይከሰሳልን?» ብሎ ቢጽፍ ከማንኛውም የሥልጣን ክፍፍል ሰንጠረዥ የበለጠ ነገር ያሳያል።

አሁን ወደ ወደቁበት ጥያቄ እንመለስ፤ ኮንግረስ ሕግ ለማውጣት ለምን ይቸገራል? የእርስዎ መልስ መንገዱን አሳየ። ጠያቂው የፈለጉት መንገዱ ለምን ጠባብ እንደሆነ ነው። መልስዎን እንዲህ ባለ ዐረፍተ ነገር ቢጀምሩት ኖሮ ውጤቱ ሌላ በሆነ ነበር፦ «ኮንግረስ የሚቸገረው፣ ሕገ መንግሥቱን የጻፉት ሰዎች ከመዘግየት ይልቅ ችኮላን ስለፈሩ፣ በኋላም ሴኔቱ በራሱ ደንብ አንድ ተጨማሪ በር ስለዘጋ ነው።» ይህን ካሉ በኋላ የሚያውቋቸው ደረጃዎች ምስክር ሆነው ይቆማሉ። የሁለት ዓመት ዘመን ያለው የተወካዮች ምክር ቤትና የስድስት ዓመት ዘመን ያለው ሴኔት የተለያየ መራጭና የተለያየ ሰዓት ስላላቸው መስማማታቸው ያስቸግራል። በአንድ የኮንግረስ ዘመን ከ10,000 የሚበልጡ ረቂቆች ቀርበው ሕግ የሚሆኑት ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው፣ አብዛኞቹም ኮሚቴ ውስጥ ይቀራሉ። ፊሊበስተር የሚባለውን በንግግር ማጓተት ለማስቆም 60 ድምፅ ያስፈልጋል፤ ይህ ቁጥር በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም፣ ሴኔቱ ራሱ ያወጣው ደንብ ነው። ፕሬዚዳንቱ ውድቅ ያደረጉትን ረቂቅ ለማጽደቅ ደግሞ በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠየቃል።

ከዚያ ባላጋራዎን ያስገቡ። በማርች 2020 ኮቪድ ሲገባ ያ ሁሉ በር ባለበት ቆሞ ሳለ ሴኔቱ ከ2 ትሪሊዮን ዶላር የሚበልጥ የድጎማ ሕግ 96 ለ 0 አጸደቀ፣ ሕጉም በቀናት ውስጥ ተፈረመ። ስለዚህ የበሩ ጥበት ብቻውን ምክንያት አይሆንም፤ ሁለቱ ፓርቲዎች ምን ያህል መራራቃቸውና ጉዳዩ ምን ያህል አጣዳፊ መሆኑም ይቆጠራል። ይህን አንቀጽ የጨመረ መልስ ተከራክሯል ይባላል። ከእርስዎ የሚጠበቀው አዲስ ዕውቀት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ፤ ያጠኑት ሁሉ ቦታው ተቀይሮ ገባ እንጂ አልተጣለም።

ቃላትን ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በአማርኛ ዜና ሴኔቱን «የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት»፣ ሌላውን «የሕግ መምሪያ ምክር ቤት» ሲሉ ሰምተው ይሆናል። ስያሜዎቹ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሕገ መንግሥቶች ቅርስ ናቸው፤ በዚያ ዘመን የሕግ መወሰኛውን አባላት የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። የአሜሪካ ሴናተሮችም ቢሆኑ እስከ 17ኛው ማሻሻያ፣ ማለትም እስከ 1913 ድረስ፣ የሚመረጡት በስቴቶቹ ምክር ቤቶች እንጂ በቀጥታ በሕዝብ አልነበረም። ለፈተና ግን «ሴኔት» ብለው ይያዙት፤ «የሕግ መወሰኛ» የሚለው ስም ሌላው ምክር ቤት ሕግ የማይወስን ያስመስለዋል።

የሚኖሩበት ቦታ ለዚህ ትምህርት የታደለ ነው። የፌዴራሊዝምን ምዕራፍ ሲከፍቱ የሚያገኙት ትልቁ ክስ የሜሪላንድ ነው። ስቴቱ በባልቲሞር በተከፈተው የፌዴራል ባንክ ቅርንጫፍ ላይ በ1818 ግብር ጣለ። የባንኩ ገንዘብ ያዥ ጄምስ ማክኩሎክ አልከፍልም አለ፣ ጉዳዩም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1819 ዋና ዳኛው ጆን ማርሻል ሁለት ነገር ወሰኑ፤ ሕገ መንግሥቱ «ባንክ» የሚል ቃል ባይኖረውም ኮንግረስ የተሰጡትን ሥልጣኖች ለመፈጸም አስፈላጊና ተገቢ የሆነውን ማድረግ ይችላል፣ ስቴት ደግሞ ግብር መጣል ማጥፋትም ስለሆነ የፌዴራሉን ተቋም ግብር ሊያስከፍል አይችልም። የመጀመሪያውን ነጥብ ልብ ብለው ይያዙት፤ ከዚያ በኋላ ስለ ፌዴራል ሥልጣን ስፋት የተነሣው ሙግት ሁሉ ወደ እሱ ይመለሳል።

ሁለተኛውም ከባልቲሞር ነው፣ እኔም ይበልጥ የምወደው እሱን ነው። ጆን ባረን የሚባል የመርከብ መጫኛ ባለቤት፣ ከተማው ለመንገድ ሥራ የወንዞችን አቅጣጫ በመቀየሩ ደለል ተከምሮ መርከብ መቅረብ ስላልቻለ፣ ንብረቴ ያለ ካሣ ተወሰደ ብሎ ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1833 የመብቶች ድንጋጌ (የመጀመሪያዎቹ አሥር ማሻሻያዎች) የሚያስረው የፌዴራሉን መንግሥት ብቻ ነው፣ ከተማንና ስቴትን አይመለከትም ብሎ አሰናበተው። እንግዲህ ያ የምናከብረው የመብት ዝርዝር አንድን ሰው ከራሱ ከተማና ከራሱ ስቴት አያድነውም ነበር። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በ1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ በሩን ከፈተ፤ ፍርድ ቤቱም በተለይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መብቶቹን አንድ በአንድ በስቴቶች ላይ አስፈጸመ። ፍሎሪዳ ውስጥ ጠበቃ ሳይኖረው ተከራክሮ የተፈረደበት ድኻ እስረኛ ክላረንስ ጊዲየን ከእስር ቤት በእርሳስ የጻፈው አቤቱታ ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ነው። ጠበቃ መቅጠር ላልቻለ ተከሳሽ ስቴቱ ጠበቃ ማቆም አለበት ተብሎ በ1963 ተወሰነለት፤ ዳግመኛ ሲዳኝም ነፃ ወጣ። ባረንና ጊዲየንን አያይዞ ማስረዳት የቻለ ተማሪ የሲቪል ነፃነቶችን ምዕራፍ ግማሹን ያዘ ማለት ነው።

ከቤትዎ ብዙ ሳይርቁ ደግሞ ኢስተርን አቬኑን ያቋርጡ። ከመንገዱ ወዲህ ያለው ነዋሪ ሁለት ሴናተርና ድምፅ ያለው ተወካይ ሲኖረው፣ ከመንገዱ ወዲያ ዋሽንግተን ዲሲ ያለው ጎረቤት ሴናተር የለውም፤ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት የሚልከው ሰውም ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ አይሰጥም። የዲሲ ሕዝብ በ2020 ቆጠራ 689,545 ነበር፣ ከዋዮሚንግ ይበልጣል። ፕሬዚዳንቱን በይፋ የሚመርጡ ሦስት ተወካይ መራጮች (ኤሌክተሮች) ያገኘው በ1961 በ23ኛው ማሻሻያ ነው፤ 538 የሚለው የመራጮች ድምርም 435፣ 100 እና እነዚህ 3 ሲደመሩ የሚገኝ ነው። በ2023 የከተማዋ ምክር ቤት ያጸደቀውን አዲስ የወንጀል ሕግ ኮንግረሱ ሽሮታል፣ ፕሬዚዳንት ባይደንም ፈርመውበታል። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ሱቅ የከፈተ የአገር ልጅ ይህን ጉዳይ ከብዙ የመማሪያ መጻሕፍት አስበልጦ ሊያስረዳዎ ይችላል።

ከኢትዮጵያ ጋር ማወዳደሩ ይጠቅማል፣ ያሳስታልም። የሚጠቅመው ልዩነቱን ሲያዩበት ነው። በ1987 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር በጸደቀው ሕገ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው ከተወካዮች ምክር ቤት አባላት ስለሆነ ምክር ቤቱን ያሸነፈ ፓርቲ አስፈጻሚውንም ይይዛል። ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም፤ አንቀጽ 39 ደግሞ የመገንጠልን መብት ይሰጣል። በአሜሪካ ፕሬዚዳንቱ ከምክር ቤቱ ተለይቶ ይመረጣል፣ ሕግን ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም ብሎ የመሻሩን ሥልጣን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1803 በማርበሪና ማዲሰን ክስ አጽንቷል፣ ስቴቶች በራሳቸው ፈቃድ መገንጠል እንደማይችሉም በ1869 በቴክሳስና ኋይት ክስ ተወስኗል። የሚያሳስተው «ፌዴራሊዝም» የሚለው ቃል ሲሰማ የብሔር ጥያቄ በአእምሯችን ሲቀድም ነው፤ እዚህ የስቴቶቹ ወሰን በቋንቋ ወይም በብሔር አልተሠመረም። ስለዚህ ንጽጽሩን በአንድ መልስ አንዴ፣ ነጥቡን የሚያጠራ ሲሆን ብቻ ይጠቀሙበት።

ለነርስ ይህ ምን ይሠራል ሳይሉ አልቀሩም። የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከ2009 ጀምሮ 7.25 ዶላር ላይ ቆሟል፤ ሜሪላንድ ግን ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ 15 ዶላር አድርጋዋለች። የሚጠብቁትን የነርስነት ፈቃድ የሚሰጠው የስቴቱ ቦርድ እንጂ ዋሽንግተን አይደለም። በ2010 የወጣው የጤና መድን ሕግ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠውን የመንግሥት መድን ሜዲኬይድን ሁሉም ስቴቶች እንዲያሰፉ ቢፈልግም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ስቴቶቹን ነባሩን በጀት እከለክላችኋለሁ ብሎ ማስገደድ አይቻልም አለ። ሜሪላንድ በ2014 አሰፋች፣ ቴክሳስ አላሰፋችም። አንድ ዓይነት ገቢ ያላቸው ሁለት ሕመምተኞች አንዱ መድን አግኝቶ አንዱ የሚያጣበት ምክንያት ይህ የፌዴራሊዝም ምዕራፍ ነው።

ስለ ክፍል ውስጡ ዝምታ፣ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ እርስዎም እኔም እናውቃለን፣ ያለ ምክንያትም አልተባለም። ነገር ግን ማንም የየትኛው ፓርቲ ደጋፊ እንደሆኑ እንዲናገሩ አይጠይቅዎትም፣ ቢጠይቅዎትም መመለስ የለብዎትም። የሚያዋጣው የራስን አቋም ሳያወጡ የሁለቱንም ወገን ሙግት ማቅረብ ነው፤ «የፊሊበስተር ደጋፊዎች እንዲህ ይላሉ፣ ነቃፊዎቹ ይህን ይመልሳሉ» ማለት ተሳትፎም ነው፣ ለጽሑፍ ፈተናውም ልምምድ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ይሞክሩት፣ ከዚያ በላይ ራስዎን አያስጨንቁ።

ውጤቱ ካሳዘነዎት ይህን ይስሙ። በ1982 በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ ልክ እንደ እርስዎ ባለ የመንግሥት ትምህርት ክፍል ውስጥ አንድ ጽሑፍ አቀረበ። ማዲሰን በ1789 ያቀረበውና የኮንግረስ አባላት የደመወዝ ለውጥ ምርጫ ሳይደረግ ሥራ ላይ እንዳይውል የሚከለክለው ማሻሻያ የጊዜ ገደብ ስላልተቀመጠለት ዛሬም ሊጸድቅ ይችላል ብሎ ተከራከረ። የተሰጠው ውጤት ሲ ነበር። ልጁ ተናድዶ ለስቴት ምክር ቤቶች ለዓመታት ደብዳቤ ሲጽፍ ቆየ፤ በ1992 የሚፈለጉት ሦስት አራተኛ ስቴቶች ተሟልተው ያ የማዲሰን ሐሳብ 27ኛው ማሻሻያ ሆነ። ዩኒቨርሲቲው ውጤቱን ወደ ኤ የቀየረለት በ2017 ነው። ይህን ታሪክ ለመምህርዎ የመከራከሪያ ነጥብ አድርገው ይዘው እንዲሄዱ ግን አልመክርም።

ይዘው የሚሄዱት ያንኑ የፈተና ወረቀት ነው። በቢሯቸው ሰዓት ይሂዱ፤ ጥያቄውን ከላይ ባሳየሁት መንገድ እንደገና ጽፈው «ይህ መከራከር ይባላል?» ብለው ያሳዩዋቸው። ነጥብ ላይጨምሩልዎ ይችላሉ፣ ለሚቀጥለው ፈተና ግን ምን እንደሚፈልጉ በእርግጠኝነት ያውቃሉ። ሁለተኛውም ፈተና ከተበላሸ፣ በትራንስክሪፕት ላይ ደብልዩ (ኮርሱን አቋርጦ ወጥቷል የሚል ምልክት) ተጽፎ መውጣት የሚቻልበት የመጨረሻ ቀን ከማለፉ በፊት የትምህርት አማካሪዎንና የገንዘብ እርዳታ ክፍሉን አነጋግረው ይወስኑ። ጀምሮ የተተወ ኮርስ እርዳታው በሚለካበት ስሌት ውስጥ ተሞክሮ ያልተጠናቀቀ ተብሎ ስለሚቆጠር በዝምታ መጥፋት ከሁሉ የከፋው አማራጭ ነው።

በልጅዎ እርዳታ የሚያፍሩበት ምክንያት አይታየኝም። የሜሪላንድ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የመንግሥት ትምህርት ሳይወስዱ አይመረቁም፤ ምናልባት በዚህ ዓመት የያዘው እሱኑ ይሆናል። እንዲያስተምርዎ አይጠይቁት፣ እንዲሟገትዎ ይጠይቁት። አንድ እሑድ ከቡናው በኋላ እሱ ሜሪላንድ ይሁንና «ባንኩ በእኔ መሬት ላይ ስለሆነ ግብር ይክፈለኝ» ይበል፣ እርስዎ ማክኩሎክ ሆነው ይመልሱለት፤ በሚቀጥለው እሑድ ቦታ ይቀያየሩ።